ለሰውኛ የተሰጠ ምሳሌ

ልጇን ከቀበረች ሦስት ሳምንት ያልሞላት እናት፣ የእንግሊዝኛው መምህር ያቆየላትን የልጇን ደብተር በሁለት እጇ ተቀበለች። የሥነ ጽሑፍ ቃላት የተዘረዘሩበት ገጽ ላይ ስትደርስ ቀዩን ኤክስ በጣቷ ዳበሰችው።

"እንግሊዝኛ አላውቅም፤ እዚህ ጋ ልጄ ምን አጥፍታ ነው፣ መምህር?"

መምህሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። "ለሰውኛ፣ ግዑዝ ነገር እንደ ሰው ሲናገር የሚያሳይ ምሳሌ አምጡ ብዬ ነበር፣ እትዬ። እሷ 'አልጋዬ፣ አንቺ እስክትመለሺ አልቀዘቅዝም አለኝ' ብላ ጻፈች። እኔ በችኮላ 'ይሄማ ግነት ነው' ብዬ ሰረዝኩባት እንጂ ልክ ነበረች።"

ኤክሱን ሊሰርዝ እስክሪብቶውን አነሳ። እናትየው ግን ደብተሩን ደረቷ ላይ ለጥፋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

"ልክ መሆኗንማ እኔም አውቃለሁ" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ዛሬም ጠዋት የአልጋዋን አንሶላ ገልጬ ስዳብሰው እንደሞቀ ነው።"