አፍንጫ የሌላቸው ነገሥታት

ጥርስ ሠሪው ደህና ሳንቲም ገዝቶ አያውቅም። አቅሙም አይፈቅድለት፣ ደግሞም አይወድም። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይወርድና አሮጌ ሳንቲም ሻጩ ዘንድ ቁጭ ብሎ፣ ሌላው ገዢ የሚንቀውን ሳጥን ወደ ራሱ ይስባል። ውስጡ የጥንት ሮማ ሳንቲሞች አሉ፤ ግን ጠርዛቸው የተሸረፈ፣ መሐላቸው የተበሳ፣ ከእጅ እጅ ሲዞሩ ኖረው ፊታቸው ያለቀ ናቸው። ሻጩ «የቁስለኞች ሳጥን» ይለዋል።

«ዶክተር፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ሬሳ ልትወስድ ነው?»

ዶክተር አይደለም፤ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ቢሆንም ስሙን አይጠላውም።

ደስታው የሚጀምረው ቤት ሲገባ ነው። መስኮት አጠገብ ይቀመጥና ሳንቲሙን ወደ ብርሃኑ አጋድሞ በማጉያ መነጽር ያየዋል። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ አገጭ ብቅ ይላል። በሳምንቱ ጆሮ። አንዱ ባለ ወፍራም አንገት ኔሮን ቄሣር መሆኑን ለማወቅ አራት ወር ፈጅቶበታል። ያወቀ ዕለት ሚስቱን ከነሳሙናዋ ከመታጠቢያ ቤት ጠርቶ አስወጣት።

«ለዚህ ነው የጮህከው?» አለች። «እኔ እኮ ቤቱ የተቃጠለ መስሎኝ!»

በአሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ለቅሞ ለቅሞ አርባ ሦስት አደረሳቸው። መሳቢያው ውስጥ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጎድጓዳ መኝታ አላቸው። አረንጓዴ ዝገታቸውን በጥፍሩ እንኳ ነክቶት አያውቅም። «ቆዳቸው ነው» ይላል።

የሚስቱ ወንድም «ለሁለት ሳምንት» ብሎ መጣ። ይኸው ሰባት ወሩ። አጅሬ ክፋት የለበትም፤ ሥራም የለበትም። በእያንዳንዱ ጉርሻ መሐል ያመሰግናል።

«ጋሼ፣ ያንተን ውለታ በምን እንደምመልሰው እንጃ!»

ጥርስ ሠሪው በልቡ «ወደ ቤትህ በመሄድ» ይላል። በአፉ ግን «ኧረ ምን ችግር አለ!» ነው መልሱ። ያም ሆኖ አጅሬ ምሳ ሰዓት ላይ የጥርስ መሥሪያ ሱቁን እጠብቅልሃለሁ ሲለው ደስ አለው። ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ከሶፋው ይነሣል።

አንድ ሰኞ መሳቢያውን ሲከፍት የኔሮን ቦታ ባዶ ነው። በሳምንቱ ሁለት ሌሎች ጠፉ። ከዚያ አምስት።

ዓይኑን አጅሬ ላይ ተከለ። ያየውም አላማረውም። ሰውዬው ኪሱን አሳብጦ፣ እያፏጨ ይወጣል። ሲመለስ ጥፍሮቹ አረንጓዴ ናቸው።

«ምን ነካህ?»

«የሰው አጥር እየቀባሁ ነው፣ ጋሼ» አለና እጁን ከጠረጴዛው ሥር ከተተ።

በዚያው ሰሞን ሚስቱ «ሎሚዬን ማነው የሚጨርሰው?» እያለች ትጮህ ጀመር። ጥርስ ሠሪው አጅሬን ጠጋ ብሎ አሸተተው። ሎሚ በሎሚ ሆኗል።

«ሴት ይዟል» ብሎ ደመደመ። «ለሴትየዋ እየታጠበ፣ በእኔ ቄሣሮች ስጦታ ይገዛላታል!»

ሱቁም አልቀናውም። የተሠሩትን ጥርሶች የሚወለውልበት የሞተር ብሩሽ በሳምንት እየተላጨ ያልቅ ጀመር። ለአቅራቢው ደውሎ የእናቱ ስም እስኪነሣ ሰደበው።

ቅዳሜ ሻጩን ጠየቀው። «የእኔን ሳንቲሞች ሊሸጥልህ የመጣ ሰው አለ?»

«የአንተን? ዶክተር፣ ሌባም እኮ ክብር አለው!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ግን አሰብ አደረገ። «ቆይ፣ አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ኔሮንን አሳየኝና ‹ይሄ እንደ አዲስ ቢሆን ስንት ያወጣል?› አለኝ። እንደ አዲስ ቢሆንማ ቤት ይገዛልሃል አልኩት።»

«ሎሚ ሎሚ ይሸታል?»

«እንደ ሰላጣ!»

ጥርስ ሠሪው ገስግሶ ቤት ገባ። መሳቢያውን ሳበው። አንድም ንጉሥ አልቀረም። መሬት ላይ ቁጭ አለ። የአሥራ አንድ ዓመት ቅዳሜዎቹን ነው አንድ ሥራ ፈት ጠራርጎ የወሰደበት።

አጅሬ ሶፋው ላይ ነበር።

«የት አሉ?»

አጅሬ ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ጋሼ፣ እባክህ እስከ ሐሙስ ብቻ ታገሠኝ።»

«እስከ ሐሙስ ሸጠህ ልትጨርስ? ውጣ! አሁኑኑ ከቤቴ ውጣልኝ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ወንድሜ እኮ ነው!» አለች ሚስቱ ከወጥ ቤት ሮጣ መጥታ።

«ሌባ ነው!»

አጅሬ አልተከራከረም። ሻንጣውን ይዞ፣ የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ዕንባውን በአረንጓዴ ጥፍሩ እየጠረገ ወጣ። ሚስቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሏን በዓይኗም አላየችው።

ሐሙስ ጥርስ ሠሪው ስልሳ ዓመት ሞላው። ረስቶት ነበር። ቁርስ ላይ ሚስቱ አንድ ጥቅል ካርቶን ፊቱ ዘጭ አደረገችና እጇን አጣጥፋ ቆመች።

«ሌባው ላከልህ።»

ካርቶኑ ከባድ ነው። ሲነቀንቀው የሚያውቀውን ድምፅ ሰማ። ሳያጣራ ሰውን አዋርዷል፤ የገዛ ዘመዱን እንደ ውሻ አባሯል። ዛሬውኑ ሄዶ እግሩ ላይ እንደሚወድቅ፣ ከፈለገ ሶፋውን ዕድሜ ልኩን እንደሚሰጠው እየማለ ክሩን በጠሰ።

ሚስቱ ከላይ ያለውን ወረቀት ቀድማ አነሣችና፣ እያንዳንዱ ቃል እንዲሰማው ጮክ አድርጋ አነበበችለት።

«ጋሼ፣ እንኳን ለስልሳኛ ዓመትህ አደረሰህ፤ በሎሚም በሞተርህም ብዬ የአርባ ሦስቱንም ዝገት አስለቅቄልሃለሁ፣ አንዳንዶቹ ላይ የሰው ፊት የሚመስል እልኸኛ እድፍ ነበረባቸው፣ እሱንም አልማርኩትም።»