መብራት መጣ

ባለጀልባው ከሠርግ የሚመለሱ ዘመዶቹን አሳፍሮ ሐይቁን ሲያቋርጥ መሸ። የጀልባዋን መብራት ግን አላበራም።

«አብራው እንጂ ልጄ!» አሉ ከፊት የተቀመጡት አማቱ። «ትልቁ የጭነት ጀልባ የሚመለስበት ሰዓት ነው። በምን ያየናል?»

«እማማ፣ ካበራሁት የሐይቁ ትንኝ ሁሉ አፋችን ውስጥ ነው የሚገባው። ደግሞ ከተማው እንደዚያ እያበራ የእኔ አምፖል ምን ሊፈይድ?» ብሎ ሳቀ።

ሳቁን ሳይጨርስ ከተማው ድርግም ብሎ ጠፋ። «መብራት ሄደ!» አለ ሠርገኛው ሁሉ በአንድ አፍ፣ እንደለመደው። ባለጀልባው ወደቡ በየት በኩል እንደነበር ጠፋበት፤ ግን በግምት መንዳቱን ቀጠለ።

ጥቂት እንደሄዱ አማቱ ከፊት ሆነው፣ «መብራት መጣ!» ብለው ጮኹ።

ሠርገኛው አጨበጨበ፤ እልልታው ቀለጠ። ባለጀልባውም እፎይ ብሎ ጀልባዋን ወደ መብራቱ አቀናና ነዳጅ ሰጣት።

«ኧረ አንተ ልጅ፣ መጣ እኮ ነው የምልህ!» አሉ አማቱ።

«አየሁት እማማ፣ እሰይ! አሁን እንደርሳለን።»

መብራቱ ጡሩምባውን ነፋ።