የክላሪ ማስነጠስ

ክላሪን ማስነጠስ የጀመረው በነሐሴ ነው፤ የዊመራ ገጠር ግራሮች ቢጫ አበባቸውን ባወጡበት ሰሞን። አንዴ ከጀመረው አይለቀውም። ዓይኑ ይቀላል፣ አፍንጫው ይፈሳል፤ ያ ግዙፍ የስንዴ ገበሬ መሀረብ ይዞ እንደ ሕፃን ይነፋረቃል።

«ይማርህ» አለችው ሚስቱ ዱልሲ።

«ያኑርሽ። ግራሩ ነው።»

በዚያች ከተማ ሰው ካስነጠሰው ጥፋተኛው ግራር ነው። አባቶቻቸውም ግራሩን ሲረግሙ ኖረው ሞተዋል። ዱልሲ ጊዜ አላጠፋችም፤ በጓሯቸው የቆመውን ግራር በመጋዝ አስጣለችው። ክላሪ ጉቶው ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ አላስነጠሰውም። ማታ ሳሎን ገብቶ አጠገቧ ሲቀመጥ ጀመረው።

ዱልሲን ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የሚከነክናት ሌላም ነገር ነበር። ጎረቤታቸው ቬርና ባሏን ከቀበረች ገና ዓመት አልሞላትም፤ ለቤተ ክርስቲያኑ የእሑድ ምሳ ግን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ብቅ ብላ ነበር። ክላሪ ሳህኑን እንደያዘ፣ «ሰማያዊ ያምርባታል» አለ። ይችን ብቻ ነው ያለው። ዱልሲ ይሄ ሰውዬ አይቶ የሚያደንቀው በግና ትራክተር ብቻ ይመስላት ነበር። ያን ቀን ምሳው አልወረደላትም።

ማክሰኞ ማክሰኞ በቤተ ክርስቲያኑ የልባሽ ጨርቅ ሱቅ ታገለግላለች። ሰው የማይፈልገውን ልብስ በከረጢት አጭቆ በር ላይ ጥሎ ይሄዳል፤ እሷ ትለያለች፣ ሌሎቹ ይሸጣሉ። ጥሩ ጥሩውን መጀመሪያ የምታየው እሷ ስለሆነች ዋጋውን ከፍላ ትወስዳለች፤ ነውር የሚለው የለም። ከዚያ እሑድ ቀጥሎ በዋለው ማክሰኞ ሰማያዊ የሱፍ ሹራብ አገኘች፤ የታችኛዋ ቁልፍ ብቻ ጥቁር ከመሆኗ በቀር አዲስ ይመስላል። ሱፍ ውሃ ከነካው ይኮማተራል ብላ ፀሐይ አስመታችውና ለበሰችው። ማን ላይ እንደሚያምር ይታያል!

ክላሪ ግን ቀና ብሎም አላየ። መሀረቡን ይፈልጋል።

የከተማዋ ሐኪም ገና ልጅ እግር ናት። የሚያስነጥሰውን ለማወቅ የክላሪ ክንድ ላይ ልዩ ልዩ ጠብታ አድርጋ በመርፌ ጫር ጫር አደረገችው። ዱልሲ እንደ ዳኛ ከጎኑ ቆመች። ግራሩ፣ ምንም። ሣሩ፣ ምንም። አንዱ ቦታ ግን ንብ እንደነደፈው አበጠ።

«ድመት ነው» አለች ሐኪሟ። «ድመት አላችሁ?»

«የለንም» አለች ዱልሲ።

«የግድ ቤት ውስጥ መኖር የለባትም። ከገላዋ የሚረግፈው ብናኝ ልብስ ላይ ተጣብቆ ይመጣል፤ ወራት ይቆያል። ምንጩ ከተገኘ ማስነጠሱም ይቆማል። እስከዚያው ይህን ኪኒን ይውሰዱ።»

ኪኒኑን ዱልሲ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ካላስነጠሰው በምን ታውቅበታለች? ምንጩን ፍለጋም ሩቅ አልሄደችም። በዚያ መንገድ ድመት ያላት ቬርና ብቻ ናት።

«እዚያች ሴትዮ ቤት ትሄዳለህ?»

«ቧንቧዋን ከጠገንኩላት ወዲህ አልረገጥኩም።»

«ቧንቧ!»

«ያንጠባጥብ ነበር፣ ዱል።»

«አሁን የሚያንጠባጥበው ያንተ አፍንጫ ነው።»

ሸሚዞቹን ቀቀለች። ትራሱን ጣለች። ብርድ ልብሱን በፈላ ውሃ አጠበች፤ ምንጣፉን ጠቅልላ አወጣች። የክላሪ የሆነ ነገር ሁሉ ንጹህ ሆነ። ማታ አጠገቧ ሲቀመጥ አስነጠሰው። ከዚያ ወዲህ ይማርህ ማለት ተወች።

በመጨረሻ ከመጋዘኑ ጀርባ ወደቆመው ተጎታች ቤት አባረረችው። እዚያ ሳምንት ሙሉ ብቻውን ሲተኛ አንዲትም ጊዜ አላስነጠሰውም። ዱልሲ በመስኮት ጆሮዋን ቀስራ አረጋገጠች። ሌላ ሚስት ብትሆን ደስ ይላት ነበር።

«አየሽ?» አለች ለራሷ። «እኔን ሲፈራ ከእሷ ቤት ቀረ።»

ሰው ከጥፋቱ ከተመለሰ ይቅር ይባላል። እሑድ የበግ ሥጋ ጠበሰች፣ ጸጉሯን ተሠራች፣ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ ጠራችው። ክላሪ ተላጭቶ መጣ። ወንበሩን ወደ እሷ ጠጋ አደረገና እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ፤ ይህን ካደረገ ስንት ዘመኑ! የዱልሲ ልብ ቀለጠ።

ከዚያ መረቁ ላይ አስነጠሰበት።

«ዛሬም ሄደሃል!»

«ኧረ ከአጥሩ አልወጣሁም!»

«ውሸታም ሽማግሌ!»

ክላሪ አልተቆጣም፤ ይሄ ነው ያስፈራት። ሻንጣውን ይዞ ባርኔጣውን አነሳ። «ሚልዱራ ከተማ፣ እህቴ ጋ ነኝ። ያመንሽኝ ቀን ደውይልኝ።»

«ጠብቀህ ሙት!»

መኪናው ከመታጠፊያው እስኪሰወር በረንዳው ላይ ቆመች። ከዚያ በለበሰችው ልብስ መንገዱን ተሻግራ የቬርናን በር ደበደበች።

«ዱልሲ! ምነው ደህና ነሽ?» አለች ቬርና ከፍታ።

«ባሌን ምን አደረግሽው?»

«እኔ? ኧረ ከቧንቧው ወዲህ ዓይኑንም አላየሁት! ግቢና ተቀመጪ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል።»

ዱልሲ ገብታ ተቀመጠች፤ የፈራች እንዳትመስል። ከሶፋው ሥር ወፍራም ግራጫ ድመት ወጣች። በቀጥታ መጥታ ጭኗ ላይ ዘለለች፤ ሹራቡን በሁለት እጇ እያሸች፣ እጅጌውን እየላሰች ማንኮራፋት ጀመረች።

«ጉድ! እንግዳ ስታይ የምትደበቅ ድመት!» አለች ቬርና። ጎንበስ ብላ ጥቁሯን ቁልፍ አየቻትና ሳቋ አመለጣት።

«ውይ ዱልሲ፣ ይሄ እኮ ድመቴ የወለደችበት ሹራቤ ነው!»