በራሱ የሚበራው መብራት

አርቮ ኒየሚ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሐይቅ ዳር ካለው ቤቱ በር እስከ ጀልባ ማሰሪያው ሳንቃ ጫፍ ስልሳ አራት እርምጃ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በየምሽቱ ተራምዶት እዚያ ጫፍ ላይ ፋኖስ ሰቅሏል። በጸደይ አርባ አንደኛው እርምጃ ላይ ወደቀ።

ልጁ ካይሳ ከከተማ መጥታ ቁርጡን ነገረችው።

“አባዬ፣ አንድ ጊዜ ደግመህ ብትወድቅ ዕቃህን ጭኜ ነው የምወስድህ። አረጋውያን መጦሪያው ውስጥ ክፍል አይቼልሃለሁ።”

“ለራስሽ አቆዪው።”

“አልቀለድኩም። እሁድ እሁድ እደውላለሁ። ፋኖስ ይዘህ ወጣህ ሲባል እንዳልሰማ።”

ሐይቁን ጥሎ መሄድ ለአርቮ ከነነፍሱ መቀበር ነው። ስለዚህ መብራት ሊሠራ ተነሳ። ሶላሩን ከአሮጌ ተጎታች ቤት ጣሪያ ነቀለ። ኤልኢዲ የሚባሉትን ጥቃቅን አምፖሎች በቡና ጣሳ ውስጥ ደረደረ። የቀረው ድራይቨሩ ነበር፤ የባትሪውን ኃይል ለኤልኢዲዎቹ መጥኖ የሚያቀብል፣ የክብሪት ቀፎ የሚያክል ዕቃ።

ሁለት ዓይነት አስመጣ። አንዱ በእጅ የሚበራ፣ ባትሪው ሲደክም አብሮ የሚደክም ነው። ሌላው ፀሐይ መጥለቋን ከሶላሩ አውቆ በራሱ ያበራል፤ ባትሪው እስኪያልቅም ብርሃኑ ቅንጣት አያንስም።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የሙቀት ወራት እንግዶች ሄዱ። ሐይቁ ላይ የቀሩት አርቮና ከማዶ ያለችው ባልቴት ሌምፒ ብቻ ናቸው። ሌምፒ ሲመሽ መብራቷን አብርታ፣ የሟች ባሏን የአደን መነጽር ዓይኗ ላይ ደቅና መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። አርቮ ከልጁ ተደብቆ ፋኖሱን ሰቅሎ ሲመለስ መስኮቷ ይጨልማል።

“ጉድለቴን ቆጥራ ስትጨርስ ትተኛለች” ይላል አርቮ።

አንድ ቀን ትኩሳት ይዞት ፋኖሱ ዘገየ። ሌምፒ በሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ፣ እያለከለከች ቀዝፋ መጣች። “መዶሻህን ልመልስ ነው” አለች። መዶሻው የእሱ አልነበረም። የዚያ ሐይቅ ሰው ‘እንዴት ነህ’ መባባል አይወድም፤ መዶሻ ይዋዋሳል። አርቮ ግን ልትሰልለው እንደመጣች እርግጠኛ ነበር።

አሁንም መጥታ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለቱን ዕቃዎች አገላበጠች።

“ባለ ማብሪያውን አድርግ። ማብሪያውን ኩሽናህ ግድግዳ ላይ ምታው፤ ከቤት ሳትወጣ ታበራዋለህ።”

“ባትሪው ሲደክም እኮ እንዳንቺ ዓይን ይፈዛል።”

“ይፍዘዝ! አንተስ አልፈዘዝክም?”

“ይኼኛው ደመና ቢሆን እንኳ አሥር ቀን ይሠራል። እኔ ብኖርም ባልኖርም ይበራል።”

“እና ምን ይረባል?”

“ቅናት ነው፣ ሌምፒ።”

“ምኑ ይቀናበታል፣ የቡና ጣሳ! ግትር ሽማግሌ!” ብላ ጀልባዋን ፈትታ ሄደች።

ነገሩ ለአርቮ ግልጽ ነበር። የእሷ ሳንቃ ላይ ያለው መብራት የደከመ ነው፤ የእሱም እንዲደክም ትፈልጋለች። ስለዚህ በራሱ የሚበራውን ድራይቨር በአራት ብሎን አሰረ። ለሌምፒ ግን ደወለላት።

“አሸነፍሽ። ያንቺን መረጥኩ። በየምሽቱ በእጄ ነው የማበራው።”

“እውነትህን ነው?”

“ሙች!”

“ጎበዝ! ለካ ሽማግሌም ይማራል።” በማግስቱ የአጃ ዳቦ ጋግራ አመጣችለት። አርቮ ዳቦውን እየበላ በሆዱ ሳቀባት።

እሁድ ካይሳ ደወለች። ሁሉ ሰላም እንደሆነ፣ ማታ ማታ ከደጅ እንደማይወጣ ነገራት።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ከእንፋሎት መታጠቢያው ከሳውናው ጀርባ እንጨት ሲከምር አንድ ግንድ ተንሸራቶ እግሩ ላይ ወደቀ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማው። ግንዱ አላንቀሳቅስ አለው፤ ስልኩ ኩሽና ውስጥ ነው። ሃያ ሦስት ጊዜ ተጣራ፤ ድምፁ ከሐይቁ መሐል አላለፈም። ካይሳ እስከምትደውልበት እሁድ ስድስት ቀን አለ።

ፀሐይ ጠለቀች። ሳንቃው ጫፍ ላይ መብራቱ በራሱ ቦግ አለ፤ ደማቅ፣ አንዴም ያልተንቀጠቀጠ። አርቮ በዚያ ሕመም ውስጥ ሆኖ እንኳ ኮራ።

ወዲያው ከማዶ፣ እንደ ወትሮው ምሽት ሁሉ፣ የሌምፒ መስኮት ጨለመ።