ጋሽ ሸዋንዳኝ በእስክሪብቶ የሞሏቸው አራት ፊደላት

የማያውቅ ሰው ለምን ይጮኻል? የሚያውቀውስ ሰው ድምፁ የት ይገባል?

ማዕዶት ይህን ጥያቄ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ይዛው ዞራለች። ዩኒቨርሲቲም ይዛው ገብታ ይዛው ወጥታለች። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ተቀጥራ መጽሐፍ ማዋስ ከጀመረች ወዲህ ግን ጥያቄው በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በሁለት እግሩ እየሄደ ይመጣባት ጀመር። የጥያቄው ስም ጋሽ ሸዋንዳኝ ነው።

ጋሽ ሸዋንዳኝ ከደብረ ታቦር መጥተው ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ገዝተው፣ መስቀለኛ ቃላቱን ለመሙላት ቤተ መጻሕፍት ይመጣሉ። ቤታቸው ጠረጴዛ አጥተው አይደለም፤ ተመልካች አጥተው ነው። የሚሞሉት ደግሞ በእስክሪብቶ ነው። እርሳስ ለሚጠራጠር ሰው ነው ይላሉ።

በ2002 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ፣ ከመስቀለኛ ቃላቱ ግርጌ ማስታወቂያ ወጣ። «ባለፈው ወር የጥያቄዎቹ ቁጥር በመዛባቱ ከአንባቢያን ቅሬታ ደርሶናል። አንድ ቅሬታ ከተጨመረ ይህ ቦታ ለእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ይውላል።»

ማዕዶት ሁለቴ አነበበችው። ያ ገጽ ከጠፋ ቅዳሜዋ ከማክሰኞ በምን ሊለይ ነው?

«ተገላገልን» አለ ፋኑኤል። ፋኑኤል የዶርዜ ልጅ ነው፤ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ሥራ ግን የለውም። የጋዜጣውን የክፍት ሥራ ቦታ ገጽ ከጋሽ ሸዋንዳኝ ተቀብሎ ያነባል። «ኳስ ቢያንስ በዘጠና ደቂቃ መልሱ ይታወቃል።»

«ዝም በልና ስማ» አሉ ጋሽ ሸዋንዳኝ። «አሥራ ሁለት ወደ ጎን፦ የዶርዜ ቤት የሚመስለው እንስሳ፣ ሦስት ፊደል።»

«ዝሆን! ቆይ ግን፣ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው የእኛን ቤት በምን አወቀ?»

«ለጉብኝት መጥቶ ይሆናላ። አዞ አይቶ፣ ዓሣ በልቶ ሄዷል።»

ማዕዶት የካርድ ሳጥኑን ታስተካክል ነበር።

«ሰባት ወደ ጎን፦ በአፈ ታሪክ ጊንጥ ነድፎ የገደለው አዳኝ፤ የጊንጡ ኮከቦች ሲወጡ የእሱ ይጠልቃሉ። አራት ፊደል።» ጋሽ ሸዋንዳኝ ሳቁ። «ይሄማ ለሕፃን ነው። ጊንጥ ከተባለ አቅራብ ነዋ! የራሴ ኮከብ አይደል እንዴ? በስሜና በእናቴ ስም ተቆጥሮ የወጣ!» ጻፉት። ጫን ብለው።

«የጠየቀው… አዳኙን እኮ ነው» አለች ማዕዶት። ለሰው ይሁን ለካርድ ሳጥኑ እንደምትናገር አያስታውቅም። «ኦሪዮን… ሊሆን ይችላል።»

«ኦሪዮን የቴሌቪዥን ስም ነው፣ ልጄ።»

ማዕዶት ወደ ካርዶቿ ተመለሰች።

ጣጣው የመጣው ከሁለተኛው ፊደል ነው። ከ«ቅ» ወደ ታች የሚወርደው ጥያቄ «የጡረተኛ ጉልበት የሚወድ በሽታ፣ ሁለት ፊደል» ይላል። ጋሽ ሸዋንዳኝ ጉልበታቸውን እያሹ ብዙ አሰቡ።

«በ‹ቅ› የሚጀምር የጉልበት በሽታ የለም!»

«ሪህ» አለ ፋኑኤል። «ጋሼ፣ እሷ እንዳለችው ኦሪዮን ቢሆን ልክ ይገባል።»

«ሪህ የለብኝም!»

«የእርስዎ ነው አልተባለም እኮ።»

ጋሽ ሸዋንዳኝ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። ስህተቱ የአዘጋጁ ነው። ስሙን እንኳ ከሥር የማይጽፍ አዘጋጅ!

«ይፈራላ» አለ ፋኑኤል። «እርስዎን የመሰለ ሰው አድራሻውን ቢያገኝ ምን ሊውጠው ነው?»

«ሰካራም ነው። ቀና ብሎ ሰማይ አይቶ የማያውቅ። ማዕዶት፣ ወረቀት አምጪ፤ ቅሬታ እንጽፋለን።»

እንጽፋለን ሲሉ ትጽፊያለሽ ማለታቸው ነው። የእጅ ጽሑፏ ስለሚያምር የሰፈሩ ማመልከቻ ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል። እሳቸው ቆመው አስጻፉ። «ለክቡር ዋና አዘጋጅ። አቅራብን ከቴሌቪዥን የማይለይ፣ በጤነኛ ጉልበት ላይ በሽታ የሚለጥፍ ግለሰብ…»

እጇ ቆመ። «ጋሽ ሸዋንዳኝ፣ አንድ ቅሬታ ከተጨመረ እኮ ገጹ ይጠፋል። ቅዳሜ ምን ሊሞሉ ነው?»

ደረታቸውን ነፉ። «እውነት ከቅዳሜ ይበልጣል። ጻፊ።»

ጻፈች።

ሊፈርሙ ሲሉ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ዛሬ ፊደልሽን ምን ነካው? ሁሉም ወደ ግራ ወድቋል።»

«እጄ ደክሞ ነው።»

«በይ ሰኞ ፖስታ ቤት ስትሄጂ ላኪልኝ።»

«በየሰኞው ነው የምትሄደው» አለ ፋኑኤል ዓይኑን እያጠበበ። «አዲስ አበባ ማን አለሽ? እጮኛ ነው?»

ማዕዶት ደብዳቤውን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ፋኑኤልም ይህን እንደ አዎ ቆጠረው።

እሑድ ቀኑን ሙሉ ከደብዳቤው ጋር ተፋጣ ዋለች። ቀዳ ብትጥለው ማንም አያውቅባትም። መልስ ካልመጣ ጋሽ ሸዋንዳኝ ጋዜጣው ፈርቷቸው እንደሆነ አስበው ደስ ይላቸዋል። ሁለቴ ልትቀደው አነሳችው፣ ሁለቴ መልሳ አስቀመጠችው። ፊርማቸውን አየችው፤ ግማሽ ገጽ ይዟል። እኚህ ሰውዬ ይሳሳታሉ፣ ሲሳሳቱ ግን ስማቸውን ጽፈው ነው።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን ከሚቀጥለው ቅዳሜ መስቀለኛ ቃላት ጋር በአንድ ፖስታ አሽጋ ላከችው፤ ከሠንጠረዡ ሥርም፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «አዘጋጅ፦ ማዕዶት ተክለጻድቅ፣ አርባ ምንጭ» ብላ ጽፋበት።