ኦክስጅን የሚበላው ዱቄት

ይህ ውሸት ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ! ካራ፣ አንዲት ጁስ ፋብሪካ ውስጥ፣ ድካሙ ቢመዘን እንጦጦን የሚያስንቅ ገላው የሚባል ሠራተኛ ነበር። የማንጎ ጁሱ እንዳይበላሽ፣ ኦክስጅኑን በልቶ የሚጨርስ ኢንዛይም የሚባል ዱቄት ይጨምርበታል፤ ከዚያም አንድ ጉንጭ ይቀምሳል። ያን ቀን ግን ከድካሙ የተነሳ ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጨርስ አንድ ጆግ ሙሉ ጨለጠ።

ከሰዓት በኋላ የጁሱ ታንከር ውስጥ የከተተው የኦክስጅን መለኪያ ዜሮ አለ። ከታንከሩ አውጥቶ አፉ አጠገብ፣ አየር ላይ ያዘው፤ አሁንም ዜሮ።

«ሳጂዳ፣ ይሄ ቆርቆሮ ተበላሸ!»

የሥራ ባልደረባው ሳጂዳ ተቀብላ ወደ ራሷ አፍ አስጠጋችው፤ ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ። ወደ እሱ መለሰችው፤ ዜሮ።

«ደክሞኝ ይሆናላ! ከጠዋት ጀምሮ ቁና ቁና ስተነፍስ የካ ሚካኤል ድረስ ይሰማል።»

ሳጂዳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሽ ገላው፣ ጁሱን ከጠጡ ወዲህ እኮ አንዴም አልተነፈሱም።»