ባለቤቱ የማያውቀው ኮርድ

"እሱ አይደለም!" አለ ዘፋኙ የኔሰው ልምምዱን አቋርጦ። "እንደ ካሴቱ ተጫወቺው እንጂ።"

ትርሲት እጇን ከኪቦርዱ አላነሳችም። የባንዱ ኪቦርዲስት መኪና ተበላሽቶበት ደጀን ስለቀረ፣ ለነገው የሞጣ ዝግጅት እንድትተካው ከቢቸና የተጠራችው ዛሬ ጠዋት ነው። የኔሰው በልምምዱ አዳራሽ በር ላይ ሲያያት ደንግጦ ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በቢቸና ኪነት ቡድን ውስጥ አብረው ሳሉ፣ ይህን አሁን የሚለማመዱትን ዘፈን ደርሳ ለሱ ብቻ አሰማችው። በስልኩ ቀዳው። ካሴቱ ሲወጣ ሽፋኑ "ግጥምና ዜማ፦ የኔሰው" ይል ነበር። ብትደውልለት "ዜማ የእግዜር ነው" ብሎ ዘጋባት።

አንድ ኮርድ፣ አብረው የሚመቱ ድምፆች፣ ግን ሊሰርቅ አልቻለም። ኮርዷ በስልኩ ቅጂ ላይ ጥርት ብላ አልተሰማችውምና፣ በምትኳ ተራ ኮርድ ሰክቶ አስቀረጸው።

"የደረስከው አንተ አይደለህ?" አለችው። "ና፣ ትክክለኛውን አሳየኝ።"

ቤዝ ጊታር የያዘው ቀለሙና ድራመሩ ደምለው ቀና አሉ። የኔሰው እየሳቀ መጥቶ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋን ተጫነ።

"ይህንማ ማንም ያውቀዋል። ሬን በግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጋት። ላን ደግሞ በግማሽ አውርደህ ጨምርባት።"

ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ባከኑ።

"አሁን ገልብጠው። ከታች ሶል ሳይሆን ሲ ትሁን።"

"ልምምድ ነው ወይስ ፈተና?" አለ፤ ጆሮው ቀልቷል።

"የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ" አለች፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። እጁን በክርኗ ገፋ አደረገችው። "ቀለሙ፣ ሶልን ተውና ሲን ያዝልኝ።"

ቀለሙ ሲን መታ። ከላዩ ፋን፣ ሶልን፣ የወረደችውን ላ፣ ከፍ ያለችውን ሬ ደረደረችበት። ሶል መሀል ገብታ ተሸሸገች። ድምፁ ማረፊያ እንዳጣ ሳግ አዳራሹ ውስጥ ተንጠለጠለ። ወደ ዶ ብታወርደው ያርፋል፤ ታውቃለች። አላወረደችውም። የኔሰው ዓይኑን እስኪሰብር ጠበቀች።

ከዚያ አሳረፈችው።

"ኧረ!" አለ ደምለው። "ዘፈኑ ለካ እንዲህ ኖሯል!"

አራት ዓመት ያጠራቀመችው ስድብ ምላሷ ላይ ነበር። ዋጠችው፤ ጣፈጣት።

የኔሰው ጉሮሮውን ጠረገ። "እሺ በቃ፣ ከአዝማቹ እንነሳ።"

ማንም አልተነሳም። ቀለሙ ወንበሩን ወደ ትርሲት አዞረ።

"እህቴ፣ ከየት እንጀምር?"

"ከመጀመሪያው" አለች፣ የኔሰውን እያየች። "ቀስ አድርገን። ይስማው።"